ንግሥቲቱን ከሶዶ ሆኖ መጻፍ

ስለ ፈረንሳይ አብዮት ብዙም የማያውቅ ሰው እንኳ አንዲት ወሬ አታመልጠውም፤ ሕዝቡ ዳቦ አጥቶ ተራበ ሲሏት ኬክ እንዲበላ መከረች የምትባለውን ንግሥት። ማሪ አንቷኔት ይህን ለመናገሯ አንድም ማስረጃ የለም። ነገሩ የሚገኘው ዣን ዣክ ሩሶ ስለ ራሱ ሕይወት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ነው፤ እሱም ቢሆን የሚያወራው ስሟን ስላልጠራት አንዲት ልዕልት ነው። ያን ክፍል በጻፈበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ፣ ማሪ አንቷኔት ገና ቪየና በእናቷ ቤተ መንግሥት ያለች ልጅ ነበረች። ፈረንሳይን የረገጠችው በ1770 ለጋብቻ ስትመጣ ነው፤ ያኔ ዕድሜዋ 14 ዓመት ነበር። ሆኖም ከ200 ዓመት በላይ ያለፈው ይህ ወሬ ዛሬም ትምህርት ቤት ውስጥ እንደ እውነት ይነገራል። የሚቆየውም ምክንያት ስላለው ነው። ረሃብ የብዙ ነገር ድምር ውጤት ነው፤ የዝናብ፣ የግብር፣ የእህል ነጋዴ፣ የመንግሥት ዕዳ። ይህን ሁሉ አስተካክሎ ከማስረዳት አንዲት ያማረባት ሴትና አንድ ኬክ ማስታወስ ይቀላል።

የአንገት ጌጡ ወሬም እንዲሁ ነው። ቦሜርና ባልደረባው የተባሉት የፓሪስ ጌጣ ጌጥ ሠሪዎች 1.6 ሚሊዮን ሊቭር የሚያወጣ የአልማዝ ጌጥ ሠርተው ገዢ አጥተው ነበር። ንግሥቲቱም አልፈልግም ብላለች። ዣን ደ ላ ሞት የምትባል አጭበርባሪ ግን ከንግሥቲቱ ጋር መታረቅ አጥብቆ ለሚመኘው ለካርዲናል ደ ሮሃን «ንግሥቲቱ በድብቅ ልትገዛው ትፈልጋለች፤ አንተ ዋስ ሁናት» አለችው። ሰውዬው እንዲያምን በ1784 አንድ ሌሊት ቬርሳይ የአትክልት ስፍራ ውስጥ ንግሥቲቱን የምትመስል ሴት አልብሳ አቆመችለት። ሴትየዋ በጨለማው ውስጥ ጽጌረዳ ሰጥታው ተሰወረች። ካርዲናሉ በዋስነት የተረከበው ጌጥ በአጭበርባሪዋ እጅ ገብቶ ተፈታትቶ ተቸበቸበ። በዓመቱ ጌጥ ሠሪው ክፍያውን ሊጠይቅ ወደ ቤተ መንግሥት ሲሄድ ንግሥቲቱ ስለ ጉዳዩ የሰማችው ገና ያን ጊዜ ነበር። ፍርድ ቤቱ በ1786 ካርዲናሉን ነፃ አወጣው፤ ሕዝቡም በዚህ ጨፈረ። በተራው ሰው ዘንድ ጥፋተኛ ሆና የቀረችው ጌጡን አልገዛም ያለችው ሴት ናት። አሌክሳንድር ዱማ ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ ይህን ታሪክ ልቦለድ አደረገው፤ የሚገርመው እውነተኛው ታሪክ ራሱ ከልቦለዱ እኩል የሚያስደንቅ መሆኑ ነው።

ይህ ሁሉ ንግሥቲቱን ንጹሕ አያደርጋትም። የፈረንሳይ ሕዝብ እሷን የሚከስበት እውነተኛ ነገር ነበረው፤ ያውም ከኬክና ከአልማዝ የከበደ። በሰኔ 1791 ንጉሣዊው ቤተሰብ ሌላ ሰው መስሎ ከፓሪስ ሊያመልጥ ሲል ቫሬን በተባለች ትንሽ ከተማ ተያዘ። በቀጣዩ ዓመት ፈረንሳይ ከኦስትሪያ ጋር ጦርነት ልትገጥም ስትሰናዳ ንግሥቲቱ የጦሩን ዕቅድ በምስጢር ደብዳቤ ለኦስትሪያ ወገኖቿ አሳልፋ ሰጥታለች። ደብዳቤዎቹ ዛሬ ይታወቃሉ። በጥቅምት 1793 ችሎት ስትቀርብ ግን ከሳሾቿ እነዚህ ደብዳቤዎች በእጃቸው አልነበሩም። በምትኩ በገዛ ልጇ ላይ ነውር ፈጽማለች የሚል ክስ አመጡባት፤ በዚህ ክስ ችሎቱን ሊያዩ የመጡ ሴቶች እንኳ ለእሷ አዘኑ። ሐሰተኛው ወሬ እውነተኛውን በደል የሚሸፍነው እንዲህ ነው። ስሟ በኬክ የጠፋ ሴት፣ የሠራችው ሳይነገር የሞተች ሴት ሆነች።

የታሪክ ልቦለድ እዚህ ላይ ነው ሥራ የሚኖረው። ስለ አንዲት ዝነኛ የቤተ መንግሥት ሴት የሚጻፍ ልቦለድ ሁለት ቦታዎችን ባንድ ጊዜ ካልያዘ ከወሬ አይሻልም ብዬ እከራከራለሁ። አንደኛው ቦታ ቤተ መንግሥቱ ነው፤ ሁለተኛው ያን ቤተ መንግሥት የሚቀልበው፣ ከብቱንና ጉልበቱን የሚገብረው ምድር። ቤተ መንግሥቱን ብቻ የያዘ ልቦለድ ወይ የንግሥቲቱን ልብስ ያደንቃል፣ ወይ በእንባ ያጥባታል፣ ወይ ያወግዛታል፤ ሦስቱም የአንድ ወሬ ሦስት መልክ ናቸው። ምድሩን ብቻ የያዘው ደግሞ ኃይል ከየት እንደሚመጣ፣ በማን እጅ እንደሚያልፍ ሳያሳይ ይቀራል። ጃፓናዊቷ ሪዮኮ ኢኬዳ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ስለ ማሪ አንቷኔት በሥዕል የተረከችው ታሪክ በመላው ዓለም ሲነበብ የነበረው በጌጡ ብቻ አልነበረም፤ ወንድ ሆና ያደገች የክብር ዘብ አዛዥ ፈጥራ በቤተ መንግሥቱና በተራበው ፓሪስ መካከል እንድትመላለስ ስላደረገቻት ጭምር ነው። ፈረንሳዊቷ ሻንታል ቶማስም በ2002 ያሳተመችው ልቦለድ ባስቲል ከወደቀ በኋላ ቬርሳይ የነበረውን ጥቂት ቀን የሚተርከው ለንግሥቲቱ መጽሐፍ በምታነብላት አንዲት ሠራተኛ አንደበት ነው። አንባቢው ንግሥቲቱን የሚያየው በበር ስንጥቅ ነው። ሠራተኞቹ ማን እንደሸሸ የሚያውቁት ከባዶ ወንበሩ ነው። መጽሐፉ የፌሚና ሽልማት አገኘ፤ በኋላም ፊልም ሆነ።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። የአማርኛ ልቦለድ የተጀመረው በሴት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው መጽሐፍ ባለታሪክ ጦቢያ የክርስቲያን መኳንንት ልጅ ናት፤ ጦርነትና ምርኮ ቤተሰቧን ሲበትነው ወንድ መስላ ትጓዛለች፤ መጨረሻው ክርስቲያን ያልነበረው ንጉሥ በእሷ ምክንያት ተጠምቆ ሲያገባት ነው። ከዚያ በፊት ለብዙ መቶ ዓመት በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ የኖረውን ገድለ ተክለ ሃይማኖትን ያስታወሰ ሰው ይህ ውጥን አዲስ አይሆንበትም። በገድሉ ውስጥ የዳሞቱ ንጉሥ ሞተለሚ ወደ ሸዋ ዘምቶ የጻድቁን እናት እግዚእ ኀረያን ይማርካታል፤ ሊያገባትም ሰርግ ሲደግስ መልአኩ ሚካኤል በክንፉ ወስዶ ወደ አገሯ ይመልሳታል። ቆይቶ ልጇ ራሱ ወደ ዳሞት ወርዶ ንጉሡን ያጠምቀዋል። ሁለቱም ታሪኮች አንድ ዓይን አላቸው። ዓይኑ የተማረከችው የክርስቲያን እመቤት ዓይን ነው፤ ከወዲያ ማዶ ያለው ንጉሥ በእሷ በኩል ብቻ ይታያል፤ የእሱ እናት፣ የእሱ እህት፣ ሰርጉን እንዲደግሱ የታዘዙት የእሱ አገር ሴቶች በታሪኩ ውስጥ ስም የላቸውም።

ከወላይታ ሆኖ ሲታይ ይህ ጉድለት ትንሽ አይደለም። በወላይታ የአፍ ታሪክ ሞተለሚ የሩቅ አገር አረመኔ ሳይሆን «ወላይታ ማላ» የሚባለው ሥርወ መንግሥት የሚጠራበት ካዎ፣ ማለትም ንጉሥ ነው። የጥንቱ ዳሞት የት ድረስ ይዘልቅ እንደነበር ታሪክ ጸሐፊዎች ይከራከራሉ፤ ያ ክርክር ግን ለልቦለድ ጸሐፊ እንቅፋት አይሆንበትም። ለእሱ የሚበቃው አንድ ሰው በአንድ መጽሐፍ ጠላፊ፣ በሌላ አገር አፍ ላይ አባት ሆኖ መገኘቱ ነው። ያን ሰርግ ከሙሽራዋ ወገን ብቻ ሳይሆን ከድግሱ ወገን የጻፈ ሰው የአማርኛን ልቦለድ ከልደቱ ጀምሮ የያዘውን ዓይን ይከፍተዋል። ተአምሩን መካድም አያስፈልገውም። ድግሱ ተደግሶ ሙሽራዋ ስትሰወር እዚያ የቀሩት ሴቶች ለንጉሡ ምን ይነግሩታል? እንዲህ ያለ ጥያቄ ገድሉን ሳይነካ ገድሉ ባልሄደበት መንገድ ይሄዳል።

በኢትዮጵያ ታሪክ ማሪ አንቷኔትን በዝናዋም በተወራባትም ወሬ የሚስተካከሉ ሴት ካሉ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው። በ1875 ዓ.ም. ምኒልክን አገቡ፤ በ1882 ዓ.ም. እቴጌ ተባሉ፤ በውጫሌ ውል ክርክር ጠንክረው ቆሙ፤ በዓድዋ ዘመቻ የራሳቸውን ጦር ይዘው ወጡ፤ መቀሌ ላይ የጣሊያኑን ምሽግ ውኃ በማስያዝ ይታወሳሉ። ንጉሡ በታመሙ ጊዜ የመንግሥቱን ገመድ ጨበጡ፤ መኳንንቱ ግን በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከሥልጣን አገለሏቸው፤ በየካቲት 1910 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ አረፉ። የባዕድ ንግሥት ሳይሆኑ፣ በአብዮት ችሎት ሳይቆሙ፣ እሳቸውም የመንግሥቱ ችግር ሁሉ የሚላከክባቸው ሴት ሆነው ነበር። ወገናቸውን ይሾማሉ፣ ንጉሡን ይመራሉ፣ ይጨክናሉ ተብሏል። ሌሎቹ መኳንንት ወገናቸውን አይሾሙ ይመስል! ይህን ወሬ ለማፍረስ የሚጻፉት ጽሑፎች ዛሬ ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ ግን ወደ ሌላኛው ጫፍ ይወረወራሉ። የዓድዋዋ ጀግና፣ የአዲስ አበባ መሥራች፣ የሆቴል ባለቤት እያሉ ይደረድሩና ያበቃሉ። ሐውልት ለመሥራት ይህ ይበቃል፤ ለልቦለድ ግን አይበቃም፤ ሐውልት ወጥ ቤት የለውም።

ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ስለ እንጦጦ ማርያም ምረቃ፣ ስለ መስከረም 1880 ዓ.ም. ግብር የተዉትን ጽሑፍ ያየ ሰው ወጥ ቤቱ ምን ያህል ትልቅ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንደነበር ያስተውላል። የምግብ ታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን ያን ግብር የአገሩ ማዕድ ባንድ ገበታ ላይ የተሰበሰበበት አጋጣሚ አድርጎ ያነበዋል። ግብር ማብላት የሥልጣን ቋንቋ ነበር፤ ሠራዊቱም መኳንንቱም ቦታውን የሚያውቀው በተቀመጠበትና በቀረበለት ብልት ነበር። ከዚያ ግብር ብዙም ሳይቆይ ክፉው ቀን መጣ። ከ1881 ዓ.ም. ጀምሮ የከብት እልቂት በደጋው ያለውን በሬ ጨረሰው፤ እርሻ ቆመ፤ ሰው አለቀ። የግቢው ወጥ ቤትም፣ የሠራዊቱም ቀለብ ከብት ይፈልግ ነበር። ይህን ሳያዩ በ1887 ዓ.ም. ወላይታ ላይ የሆነውን ማንበብ ግማሹን መተው ነው።

ቀደም ብለው የተላኩ ጦሮች ወላይታን ማስገበር ስላልቻሉ በዚያ ዓመት ምኒልክ ራሳቸው ዘመቱ። ካዎ ጦና ጋጋ እስከ መጨረሻው ተዋጉ፤ ቆስለው ተማረኩና ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ። ይህን ዘመቻ በዓይኑ ያየ አንድ ፈረንሳዊ አለ። ጋስቶን ቫንደርሃይም ለንግድ የመጣ ሰው ሲሆን ከምኒልክ ሠራዊት ጋር አብሮ ወርዶ ያየውን በ1896 (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ላይ አሳተመ። የጻፈው ለምኒልክ ጠላት ሆኖ ሳይሆን እንግዳ ሆኖ ነው፤ ቢሆንም ያየው እልቂት አስደንግጦታል። በሺህ የሚቆጠር ከብት ይነዳል፤ ምርኮኛ ይነዳል፤ ሴቶችና ልጆች ከወታደሩ ኋላ ይከተላሉ። ከዚህ በኋላ 15 ወር ያህል ቆይቶ የዓድዋ ጦርነት ሆነ። የእንሰት አገር የሆነው ወላይታ ከብቱን ሲያጣ የሚያጣው ስጋና ወተት ብቻ አልነበረም፤ እንሰት በፍግ የሚያድግ ተክል ስለሆነ ጓሮው ራሱ ይደክማል። ለዚህም ነው ቆጮ የምትፍቀውን የወላይታ ሴትና እንጦጦ ላይ ግብር የምታሰናዳውን የግቢ ሴት አንድ ልቦለድ ውስጥ ማስቀመጥ የሚቻለው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው በሬው ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። «የዓድዋን እቴጌ ከወላይታ ምርኮ ጋር ባንድ መጽሐፍ ማሰር ቁስል መቀስቀስ ነው፤ ሕዝብን ከሕዝብ ያጋጫል» ይባላል። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም፤ በአገራችን ታሪክ ለፖለቲካ ጥይት ሆኖ ሲተኮስ አይተናል። ይሁን እንጂ የሚያጋጨው መተሳሰሩ ነው ወይስ መነጣጠሉ? ዛሬ ያለው ሁኔታ ይታይ። አንዱ ወገን ዓድዋን ብቻ ይተርካል፤ ሌላው 1887ን ብቻ፤ አንዱ የሌላውን መጽሐፍ አያነብም፤ እያንዳንዱ የሌላው ዝምታ ክህደት ይመስለዋል። ፖለቲከኛ ሁለቱን ባንድ ገጽ ማስቀመጥ ይከብደዋል፤ መምረጥ አለበትና። ልቦለድ ግን መምረጥ አይገደድም። አንዲት ሴት ለአገሯ ነፃነት ፊት ለፊት ስትቆም፣ የምትመራው ግቢ ደግሞ የሌላውን ነፃነት ሲበላ፣ ይህ ሁለቱም እውነት ነው። ባንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ሲኖር ደግሞ ጭብጥ ከመሆን አልፎ ታሪክ ይሆናል። እቴጌ ጣይቱን ከዚህ ጥያቄ ፊት ማቆም እሳቸውን ማዋረድ አይመስለኝም። እንደ ትልቅ ሰው መቁጠር ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከሥነ ጽሑፍ ወገን ይመጣል። ልቦለድ ልቦለድ ነው፤ ደራሲ እንደ ታሪክ ተማሪ ፈተና አይቀመጥም ይላል። ነፃነቱን እኔም አልክድም፤ ነገር ግን አንባቢው እንዴት እንደሚያነብ እንይ። ብዙ ኢትዮጵያዊ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የሚያውቀውን ያህል ከዜና መዋዕል አላገኘውም፤ ከአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»፣ ከብርሃኑ ዘርይሁን «የቴዎድሮስ እንባ»፣ ከጸጋዬ ገብረ መድኅን መድረክ ነው ያገኘው። የደራሲ ቃል ወደ ታሪክ መዞሩ ካልቀረ ደራሲው ኃላፊነት አለበት ማለት ነው። ታሪክ ዝም ባለበት ይናገር፤ ታሪክ የተናገረውን ግን አይገልብጥ። ቫንደርሃይም ያየውን እልቂት ሰርግ ማድረግ አይችልም፤ የእልቂቱን ሌሊት አንዲት የካዎው ቤት ሴት ልጅ ምን ይዛ እንደሸሸች መፍጠር ግን ይችላል። ማሪ አንቷኔትም ላይ ቢሆን የሻንታል ቶማስ ብልሃት ይህ ነው፤ የታወቀውን ቀን አልቀየረችም፤ በዚያ ቀን በየኮሪደሩ ማን እንዳለቀሰ ፈጠረች እንጂ።

የሦስተኛው ተቃዋሚ ነገር ደግሞ ልቤን ይነካዋል። «ስለ ንግሥታት በቃን፤ ለምን ስለ ተራዋ ሴት አይጻፍም?» ይላል። መዓዛ መንግሥቴ በእንግሊዝኛ የጻፈችውና በ2020 (እ.ኤ.አ.) ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ዝርዝር የገባው ስለ ጣሊያን ወረራ የሚያወራው ልቦለዷ የዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ነው። ባለታሪኳ ሂሩት የሰው ቤት ሠራተኛ ናት፤ እመቤቷ አስቴር ደግሞ የመኳንንት ወገን። ጠብመንጃ ለመያዝ ሁለቱም ይፈልጋሉ፤ ግን አንዷ ሌላዋን ታዛለች። ሂሩት ያለ አስቴር የተጻፈች ብትሆን ኖሮ የምታምፅበትን ነገር ግማሹን ባላየነው ነበር። እንግዲህ የንግሥት ልቦለድና የገረድ ልቦለድ ሁለት ዓይነት መጽሐፍ መሆናቸው ይቀራል። ጥሩው የንግሥት ልቦለድ ብዙውን ጊዜ በገረዷ የሚተረክ ነው።

ወላይታን ከአብዮት ዘመን ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ አንድ ታሪክም አለ፤ እስካሁን የደራሲ ብዕር በደንብ አልነካውም ብዬ የማስበው እሱን ነው። ግርማሜ ንዋይ በአሜሪካ ዊስኮንሲንና ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች ተምሮ ተመልሶ የወላይታ አውራጃ ገዥ ሆነ። በወላይታ ከተማ በሶዶ ያየው መሬት አልባ ገበሬና ሰፊ ባዶ መሬት የያዘ ባለርስት ነው። መንገድና ትምህርት ቤት አሠራ፤ መሬት የሌላቸውን ባልታረሰ መሬት ላይ ማስፈር ጀመረ። ባለመሬቶቹ አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ከሰሱት፤ ተነሥቶ ወደ ጅጅጋ ተዛወረ። ከዚያ በኋላ ወንድሙን፣ የክብር ዘበኛ አዛዡን ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይን ይዞ የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት አነሣ። አብዮቱ ከ14 ዓመት በኋላ የመጣ ቢሆንም የመሬት ጥያቄ በጠብመንጃ ቤተ መንግሥት የገባው ያን ጊዜ ነው፤ ጥያቄው ቅርጽ ከያዘባቸው ቦታዎች አንዱ ደግሞ ሶዶ ነው።

በዚህ ታሪክ መካከል አንዲት እቴጌ ተቀምጠዋል። ታኅሣሥ 4 ቀን ማታ ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ናቸው። የየሚኒስትሩ ቤት ስልክ ይጮኻል፤ እቴጌ መነን በጠና ታመዋል፣ ቶሎ ድረሱ የሚል ነው። ሹማምንቱ ካፖርታቸውን ደርበው አንድ በአንድ ይመጣሉ። በር ላይ የክብር ዘበኛ ይቀበላቸዋል፤ ወደ ሕመምተኛዋ ግን አይወስዳቸውም። እንዲህ ሆነው ተያዙ። ነገሩ ከሸፈ፤ ሲከሽፍም ገነተ ልዑል ግቢ ውስጥ ከታገቱት መካከል ራስ አበበ አረጋይንና ራስ ሥዩም መንገሻን ጨምሮ ብዙዎቹ በጥይት ተረሸኑ። ግርማሜ በሽሽት ላይ ሞተ፤ መንግሥቱ ተሰቀለ፤ ግቢው ዩኒቨርሲቲ ሆነ። እቴጌ መነን ዓመት አልፎ ጥቂት ቆይተው በየካቲት 1954 ዓ.ም. አረፉ። ስለዚህ መፈንቅለ መንግሥት ብዙ ተጽፏል፤ ስለ መሪዎቹ፣ ስለ ሟቾቹ፣ ስለ ተማሪዎቹ ሰልፍ። ስማቸው ለወጥመድ የዋለው ሴት ግን በሁሉም ትረካ የስልክ ጥሪ ሆነው ያልፋሉ። ሴቶች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ያቋቋሙ፣ በስደት ዘመን ኢየሩሳሌም የተሳለሙ፣ የእንጀራ ልጃቸውን ልዕልት ሮማነወርቅን በጣሊያን ግዞት ያጡ ሴት ናቸው። ቬርሳይ የአትክልት ስፍራ ውስጥ በጨለማ የቆመችው ሐሰተኛ ንግሥትና በስልክ የታመሙት እቴጌ አንድ ነገር ያስታውሱናል፤ የቤተ መንግሥት ሴት ስም ከራሷ ተለይቶ ሌሎች የሚገለገሉበት ዕቃ ይሆናል።

ከ1953 ወደ 1967 ስንሻገር ኬኩ እንደገና ይመጣል። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ ደርግ በቴሌቪዥን አንድ ፊልም አሳየ። እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸውን የወሎ ረሃብ ከቤተ መንግሥት ድግስና ውሾቹ ስጋ ሲበሉ ከሚታይበት ምስል ጋር አፈራርቆ የቀጠለ ነበር። የዚህ ፊልም ነገር ከሩሶ ወሬ ይለያል። ረሃቡ እውነት ነበር፤ ድግሱም እውነት ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ያደረገው መቀስ ነው። እኔ ልቦለድ ሁለት ቦታ ይያዝ ስል ይህን ፊልም ሊጠቅሱብኝ የሚችሉ ሰዎች አሉ፤ ይህ ራሱ ሁለት ቦታ አልያዘም ወይ ይሉኛል። ይዟል፤ ግን ሰው አልያዘም። ከተራቡት መካከል ስም ያለው አንድም ሰው አልነበረም፤ ከሚበሉትም ወገን ራሱን የሚጠይቅ አልነበረም። ተመልካቹ ተቆጣ፤ መቆጣቱም ተገቢ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የንጉሣዊው ቤት ሴቶች ያለ ፍርድ ሲታሰሩ የሚጠይቅ ብዙ ሰው አልተገኘም። ልዕልት ተናኘወርቅና ሴት ልጆቻቸው እስከ 1980 ዓ.ም. ታስረው ቆዩ፤ ልዕልት እጅጋየሁ አስፋ ወሰን እስር ላይ እያሉ ሞቱ። ማሪ አንቷኔትን ለጊሎቲን ያቀረቧት ቢያንስ ችሎት አቁመውባት ነበር። የእኛዎቹ ክስ እንኳ አልተነበበላቸውም።

«ይህ ሁሉ ታሪክ የአዲስ አበባ ነው፤ ሶዶ ምን አገባው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። መልሱ ከላይ የተነገረው ውስጥ ነው፤ እያንዳንዱ የቤተ መንግሥት ታሪክ ወላይታ ላይ እግር አለው። የሞተለሚ ሰርግ፣ የ1887 ከብት፣ የግርማሜ የመሬት ድልድል። ደግሞም ለሶዶ ጸሐፊ ከሌላው የሚበልጥ ዕድል አለ። የዳሞታን ተራራ እያዩ ያደጉ፣ የጊፋታን በዓል ጨዋታና የአያት የቅድመ አያት ቆጠራ የሚያውቁ፣ በካዎ አማዶ የተገነባ የሚባለውን የድንጋይ ካብ ተመልክተው ማንን ለመከልከል እንደተሠራ የሚጠይቁ ሰዎች እዚያ አሉ። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም ከተማዋ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። የቫንደርሃይምን መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ ወደ ወላይትኛና ወደ አማርኛ የሚመልስ ተማሪ ለደራሲዎች ከማንኛውም የጽሑፍ ውድድር የበለጠ ያደርጋል። በአማርኛ ይጻፍ ወይስ በወላይትኛ የሚለው ክርክር የደራሲው ፈንታ ነው፤ እኔ ሁለቱም ቢሆን እወዳለሁ፤ የእንጦጦና የሶዶ ሴቶች ባንድ መጽሐፍ ሲነጋገሩ ሁለቱም ቋንቋዎች ገጹ ላይ መሰማታቸው አይቀርምና።

ይህን መጽሐፍ ልጀምር የሚል ካለ፣ የማሪ አንቷኔት ደራሲዎች ከፈጸሙት የተለመደ ጥፋት የሚያድነው አንድ ቀላል ምርጫ አለ፤ በንግሥቲቱ መኝታ ቤት አለመጀመር። የእቴጌ መነን ልቦለድ ከሆነ የመጀመሪያው ምዕራፍ ሶዶ ላይ ይሁን፤ ባለመሬቶቹ በገዥው ላይ አቤቱታ ይዘው ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ በሚሰናዱበት ማለዳ፣ ስንቅ ከምትቋጥርላቸው ሴት ጋር። አዲሱን ማሳ ያገኘው ጭሰኛ ወንድሟ ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። እቴጌዋ እስከ መጽሐፉ አጋማሽ ባይታዩ ምንም አይጎድልም። ስልኩ ሲደወል አንባቢው ለምን እንደተደወለ ያውቃል።